መኪናዋ እንዳታልቅ

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ኋላ ደበቀን እንዳትሉኝ፦ ቀያሹ መኪናዋ እንድታልቅለት አልፈለገም። ሰው መኪና የሚጠግነው ሊነዳት ነው። እሱ ግን የመጨረሻው ቡሎን ሲጠብቅ መደወያ ሰበብ እንደሚያልቅበት ስለገባው፣ አልቃ የተቀመጠች መኪና ፊት ቁጭ ብሎ የጎደለ ነገር ሲፈልግባት ይውል ነበር። ጢሙ ሸብቶ፣ ጡረታ ወጥቶ! ይኸው ነው ጉዱ።

ዕድሜውን ሙሉ ቀያሽ ነበር፤ መንገድ የሚወጣበትን መሬት የሚለካ። ከድንኳን ወደ ድንኳን ሲል ጓደኞቹ አገቡ፣ ወለዱ፣ ልጅ ዳሩ። እሱ የለካው መንገድ ሁሉ ሌላውን ሰው ወደ ቤቱ አደረሰ፣ እሱን ሜዳ ላይ አስቀረው። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ "ለመሸኛ ምን እንስጥዎት?" አለው። ሌላው ሰው ሰዓት ይላል፣ ካፖርት ይላል። እሱ በመስኮቱ በኩል ጣቱን ቀስሮ፣ ግቢው ጥግ ሣር የዋጣትን ቮልስ አሳያቸው። "ያቺን ስጡኝ።" አለቃው የቀለደ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ፤ ቀያሹ ጣቱን ሳያወርድ ሲያየው ሳቁን ዋጠ። በወጣትነቱ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የተሰጠችው መኪና እሷ ነበረች። ያኔ የሚነዳት ጎረምሳ፣ ያ ሁሉም ነገር ገና ከፊቱ ያለ የሚመስለው ልጅ፣ እዚያው ሣር ውስጥ ተረስቶ የቀረ ይመስለው ነበር።

የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እትዬ ይላታል። ቤቱ የእሷ ነው፣ ግቢው የእሷ ነው፣ የመጨረሻው ቃልም የእሷ ነው። ቮልሷ በጭነት መኪና ተጭና በር ላይ ስትደርስ እትዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዞረቻት። አንድ ዓይን መብራት የላትም። ወለሉ በስብሶ መሬት ያሳያል። የኋላው ወንበር ውስጥ ዶሮ እንቁላል ጥላ ሄዳለች።

"ሌላው ሰው በጡረታው ዕረፍት ያመጣል፣ አንተ ደግሞ ቆርቆሮ ታመጣብኛለህ?"

"ትሠራለች እኮ እትዬ።"

"አንተም ትሠራ ነበር" አለችውና ገባች።

ጋራዥ ለጋራዥ መዞር ጀመረ። አንዱ መካኒክ "ሞተሯን አውጥተን የሌላ እንግጠምላት" አለው። ሌላው ቀለም ተቀብታ ምግብ ቤት በር ላይ ብትቆም እንደምታምር መከረው። በመጨረሻ አንድ ሥራ ያቆመ ሽማግሌ መካኒክ አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቅ አገኘ፤ ሽማግሌው ነገሩን በትዕግሥት ሰማው። "ልጄ፣ ሰው አታድክም" አለው። "በዚያኛው ከተማ አንዲት ሴትዮ አለች። ባሏ የጀርመን መኪና እንጂ ሌላ አይነካም ነበር። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል፤ ሱቁ ግን እሷ እጅ እንዳለ ነው። ዕቃው ካለ እሷ ጋ አለ። እሷ ጋ ከሌለ ተወው።"

ደወለ።

"ሃሎ፣ የቮልስ መለዋወጫ ይኖርዎት ይሆን?"

"የኋላ መስታወቷ ጠባቡ ነው ወይስ ሰፊው?" አለ ከወዲያ አንድ የሴት ድምፅ። ሻከር ያለ፣ ስቆ የጨረሰ ሰው የሚመስል ድምፅ ነበር።

ቀያሹ ሮጦ ሜትሩን አመጣና ቁመቱን፣ አግድሙን፣ የጠርዙን ጥምዝ ሳይቀር በሚሊሜትር ይዘረዝርላት ጀመር። ሴትየዋ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"ጌታዬ፣ ልብስ ላሰፋላት አይደለም" አለች። "ጠባብ ነው ሰፊ?"

"ጠባብ ነው" አለ፣ ብቻውን ቆሞ ፊቱ ቀልቶ።

ዕቃው በአውቶቡስ መጣ። ባለሱቋ ለሹፌሩ ትሰጠዋለች፣ ቀያሹ መናኸሪያ ሄዶ ይቀበላል፤ ከዚያ ወዲያ ሁሌም እንዲሁ ሆነ። እያንዳንዱን ዕቃ በአሮጌ መጋረጃ ቁራጭ ጠቅልላ አጥብቃ ትቋጥረዋለች። እትዬ ቢላ ብታቀብለው አይቀበላትም። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያን የማይፈታ ቋጠሮ በጥፍሩ ሲታገል ያረፍዳል፤ ጨርቁን ያጥፈዋል፤ የታጠፈውን መሳቢያ ውስጥ ያስገባዋል። እትዬ ይህን አየች፣ ምንም አላለችም። እትዬ ምንም ካላለች ደግሞ ነገር አለ ማለት ነው።

ስልኩ ላይ ግን ጨዋታ የሚባል አልነበረም። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፤ የፍሬን ሸራ፣ የመብራት ክፈፍ፣ የወለል ላሜራ። አንድ ቀን ታዲያ በምን እንደተነሣ እንጃ፣ ባለሱቋ ብሶቷን አወጣችው። "ባሌ ከሞተ ጀምሮ ሥራ ፈቱ ሁሉ እየደወለ 'እንዴት ነሽ፣ ብቻሽን አይከብድሽም?' ይለኛል። እኔ ዕቃ የማይፈልግ ሰው ሲደውል ጆሮው ላይ ነው የምዘጋው። እርስዎ ጨዋ ነዎት፤ ሲደውሉ ምን እንደሚፈልጉ ያውቃሉ።" ቀያሹ ምስጋና መስሎት "እግዜር ይስጥልኝ" አለ። ምስጋና አይደለም፤ በር ነው የተቆለፈበት። ያኔ አልገባውም እንጂ።

ሞተሯ የተነሣች ቀን እየተንተፋተፈች ትጠፋበት ጀመር። ደውሎ ነገራት።

"ያሰሙኝ" አለችው።

"ምን ላሰማዎት?"

"ሞተሯን ነዋ! ስልኩን ከኋላ ያስጠጉና ነዳጅ ይስጧት።"

ሰውየው ስልኩን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞ ሞተሯ አጠገብ ተንበረከከ፤ እትዬን ደግሞ ነዳጅ መስጫውን እንድትረግጥ ለምኖ አስቀምጧታል። ያ ሁሉ ጩኸት ወዲያ ማዶ ባለ አንድ ጆሮ ውስጥ እየገባ መሆኑን ሲያስብ ስልኩን ይበልጥ አስጠጋው። ስልኩን ወደራሱ ሲመልሰው ባለሱቋ ነገሩን ጨርሳዋለች።

"ካርቡራተሯ ከሥሩ አየር ይስባል። እዚያ የምትገባ ወረቀት የምታህል ጓርኒሲዮን አለች፣ እሷን እልካለሁ። ባሌ ጆሮው ደክሞ ነበር፤ እሱ ይፈታል፣ እኔ እሰማለታለሁ። እንዲያ ነበር የምንሠራው።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቀያሹ ከተንበረከከበት አልተነሣም። በሞተ ሰው ቀና። ነውር መሆኑን ያውቃል፣ ግን ቀና፤ ያኛው አጠገቡ ቆሞ የሚሰማለት ሰው ኖሮት አልፏል፣ እሱ ደግሞ ይህን ያህል ዘመን ኖሮ ማንም አልሰማለትም። "አሁንስ ልውረድ ወይስ እዚሁ ልደር?" አለች እትዬ፣ እግሯ ነዳጁ ላይ እንደሆነ።

ከዚያ የበሩ ነገር መጣ። በበሯ ዙሪያ አዲስ የማሸጊያ ጎማ ገጠመላትና በሩ አልዘጋ አለው። ቢገፋው አይዘጋም፣ ቢወረውረው ተመልሶ ይመጣል። የቁልፉን ጥርስ በሞረድ ሊሞርደው ተነሣና፣ እስቲ ላማክራት ብሎ ደወለ።

"ምን ልታደርግ?" ብላ ጮኸችበት። "ሞረድ? አንተ ሰው ምን ነካህ! መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርገህ ዝጋው፣ አየሩ መውጫ አጥቶ ነው!"

መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ዘጋው። ጠቅ አለ። እንደዚያ የጣፈጠ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። አንቱታው እንደወደቀ ሁለቱም ሰምተዋል። ከዚያች ቀን በኋላ አንተና አንቺ ሆኑ፣ እሱ መጀመሪያ ላይ "አንቺ" ለማለት ምላሱ ቢተሳሰርም።

ያላዩት ሰው ይናፍቃል እንዴ? ይናፍቃል። እንዴት አድርጎ! ቀያሹ ስለ እሷ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው፦ ሱቋ ቆርቆሮ ጣራ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። ላይኛው መደርደሪያ ለመድረስ በርጩማ ላይ ትወጣለች፣ ስትወጣ "እህህ" ትላለች። አንድ ልጅ አለቻት፣ ሩቅ ያገባች። ስትስቅ መጀመሪያ አፍንጫዋ ነው የሚስቀው። ይህችን ይዞ ቀኑን ሙሉ ይመላለስባታል። ፊቷን ሊስል ይሞክርና አልሆን ይለዋል፤ እጇን ግን አይቶት ባያውቅም ያውቀዋል፤ ያን ቋጠሮ የቋጠረ እጅ ነውና። ከተማው ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት የተነሣ አውቶቡስ ለምሳ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ድፍረቱን አሰባስቦ "ለሚቀጥለው ዕቃ ራሴ ብመጣስ?" ብሏት ነበር። "ለምን ትለፋለህ፣ አውቶቡሱ አለ አይደል" አለችው ቶሎ ብላ። ቅስሙ ተሰበረ። ሁለተኛ አላነሣውም።

መኪናዋም አለቀች። እንዲያው ሳያስበው አለቀች። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሯ ያለ አንዳች ማንገራገር ተነሣች፣ እትዬን አስቀምጦ ሰፈሩን ዞረ። ሰዉ ከየሱቁ ወጥቶ አጨበጨበ። እትዬ በመስኮት እጇን እያወዛወዘች እንደ ሙሽራ ተዝናናች። ግቢ ሲገቡ ግን ወንድሟ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"የደስታ ነው?" አለችው።

"አይደለም" አለ።

ከዚያ ወዲያ እንግዲህ ውሸት ጀመረ፤ በዚህ ዕድሜው! መኪናዋ ያላትን ዕቃ የለም እያለ ያዝዛል። የበሩን ጎማ ድጋሚ አዘዘ፤ የጥሩምባዋን ቁልፍ አዘዘ፤ አንድም ቀን የማይከፍተውን የሲጋራ መተርኮሻ አዘዘ፣ ሲጋራ የማያጨስ ሰው። ባለሱቋ ሳታቅማማ እየቋጠረች ትልካለች። ሰበብ ሲያጥረው ከዚህ የባሰ አደረገ። ደህና የምትሠራዋን ሞተር ከፍቶ አንዱን የካንዴላ ገመድ ነቀለ፤ ሞተሯ እያነከሰች ስትንጫጫ ስልኩን አስጠጋላት።

ባለሱቋ ከወትሮው ረዘም አድርጋ አዳመጠች።

"የካንዴላ ገመድ ነው" አለች። "መልሰህ ሰካው።"

"ሰካሁት። ግን... ነገ ደግሞ ሊላላ ይችላል።"

"ከላላ ትደውልልኛለሃ" አለች።

ቀያሹ ይህችን ቃል ይዞ ሳምንቱን ሙሉ ሰነበተ። በደግ ነው የተናገረችው ወይስ በቀልድ? ደንበኛ ስለሆነ ነው ወይስ ለሱ ብላ? አንዴ እንዲህ ይፈታታል፣ አንዴ እንዲያ።

ደግሞ እስኪላላ አልጠበቀችውም። ራሷ ደወለች፤ ከተዋወቁ ጀምሮ ራሷ ደውላ አታውቅም። ስሟ... ስሟ እንኳ አይደለም፣ "መለዋወጫ" የሚለው ጽሕፈት ስልኩ ላይ ሲበራ ልቡ ስንጥቅ ሊል ደረሰ።

"ሱቁን ልዘጋው ነው" አለችው። "ልጄ 'በቃሽ፣ እኔ ጋ ነይ' ካለችኝ ቆየች። እኔም ጉልበቴ በርጩማ አልወጣ አለኝ። ለአንተ ሳልነግር እንዳልሄድ ብዬ ነው። የሚጎድልህ ዕቃ ካለ አስብበትና ደውል፤ ነገ ቆርቆሮ የሚሰበስበው ሰውዬ መጥቶ የቀረውን በኪሎ ይወስደዋል።"

"እሺ" አለ ቀያሹ። "እሺ" ብቻ! ስልኩን ዘጋና ክው ብሎ ቀረ።

እትዬ ልብስ እያሰጣች ታየው ነበር። የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ጥላ መጣች።

"ነገሩ ምንድነው? ያቺ የስልክህ ናት?"

"ልትሄድ ነው።"

"ታዲያ ደውልላትና ተናገራ!"

"ምን ብዬ እትዬ? የሚጎድልህ ዕቃ ካለ ነው ያለችኝ። የሚጎድለኝ ዕቃ የለም። ዕቃ የማይፈልግ ሰው ሲደውል ትዘጋለች፤ ራሷ ነግራኛለች።"

"አንተ ልጅ፣ እኔ እህትህ ነኝ እንጂ ግድግዳ አይደለሁም" አለች እትዬ። "ገመዱን በገዛ እጅህ ስትነቅል በመስኮት አይቼሃለሁ። ሰው ለዚህች ቆርቆሮ ብሎ እንዲህ አይሆንም። ወደድኩሽ በላትና ይውጣልህ!"

"እትዬ!"

"ምን እትዬ ትለኛለህ! እናታችን ስትሞት አንተን ነው አደራ ያለችኝ። ብቻህን ድንኳን ውስጥ ስታረጅ ዝም ብዬ አየሁ፤ ሥራው ነው አልኩ። አሁን ምን ልበል?" ድምፅዋ ተሰበረ። አንሶላውን አንሥታ ፊቷን ደበቀችበት።

ቀያሹ ሄዶ መኪናዋ ውስጥ ገባ። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ በሩን ዘጋ። የሚላትን ነገር አዘጋጀ፤ መሬት እንደሚለካ ሰው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ አሰበበት። መጀመሪያ አመሰግናለሁ ይላል። ከዚያ መኪናዋ አልቃለች፣ ስዋሽሽ ነበር ይላል። ከዚያ ድምፅሽን ስለለመድኩ ነው ይላል። ከዚያ፣ ከዚያማ ያን ጊዜ ይታያል። ደወለ።

"አቤት" አለች ባለሱቋ። ከኋላዋ ብረት በብረት ላይ ሲወድቅ ይሰማል፤ መደርደሪያ እያራገፈች ነው። "አስታወስክ? ምንድነው የጎደለህ?"

ያ ሁሉ የተዘጋጀ ንግግር የት ሄድኩ ሳይል ጠፋ። አንድ የዕቃ ስም፣ አንድ ብቻ፣ ከመዘጋቱ በፊት! ያዘዛቸው ሁሉ ፊቱ ላይ ተደረደሩ፤ የፍሬኑ፣ የመብራቱ፣ የበሩ፣ ጥሩምባው። ያላዘዘውን ፈለገ፣ ፈለገ...

"ራዲያተር" አለ።

ወይ አለመታደል! ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፤ ውኃ የሚባል አይገባባትም። በየጋራዡ አዲስ የተቀጠረን ልጅ "ሂድና የቮልስ ራዲያተር ገዝተህ ና" ብለው እየላኩ የሚሳሳቁበት ነገር ነው። ይህን ያለው ደግሞ ቮልስን በገዛ እጁ በትኖ መልሶ የገጠመ ሰው ነው! ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ነው የሰማው። ይመልሰው ዘንድ ተመኘ፣ አልመለስ አለው። መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ።

ከወዲያ የብረቱ ጩኸት ቆመ። ባለሱቋ ስትተነፍስ ይሰማዋል።

"የቮልስ ራዲያተር?" አለች ቀስ ብላ።

"አዎ" አለ ዓይኑን ጨፍኖ። ከዚህ በኋላ ምን ቀረው?

"መኪናዋ አልቃለች አይደል?"

"አልቃለች" አለ። "ካለቀች ቆይታለች። ምንም የሚጎድላት ነገር የለም።"

እንግዲህ ትዝጋው ብሎ ጠበቀ። ዕቃ የማይፈልግ ሰው ነው፤ ጆሮው ላይ ልትዘጋው ይገባል። የእሷን እስትንፋስ እስከሚያበቃ ድረስ ልስማው ብሎ ስልኩን አጥብቆ ያዘው። ቆየ። እስትንፋሷ አልተቋረጠም። ከዚያ አፍንጫዋ ሲስቅ ሰማ፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነ፣ እንደ ማልቀስ ያለ።

"አለኝ" አለች።

"ም... ምኑ?"

"ራዲያተሩ ነዋ። አንድ ነው የቀረኝ። ስንቱ እየመጣ ሲጠይቀኝ የለም እያልኩ መልሼዋለሁ።" ጉሮሮዋን ጠረገች። "በአውቶቡስ ግን አልልከውም። ራስህ መጥተህ ውሰደው።"